ነጭ ክዳን፣ ሰማያዊ ክዳን

«ይቺ አሮጊት ልቧ አልቋል፤ አእምሮዋ ግን ሁላችንንም ቀብሮ ይመለሳል።»

ይህን ቃል ከትናንት በስቲያ ማክሰኞ፣ በጤና ጣቢያው ከመጋረጃው ወዲያ፣ ድሬሰር አብዱሰላም ለዘበኛው ሲነግረው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አብዱሰላም መንግሥት ያስተማረው፣ ነጭ ጋዋን የሚለብስ ሰው ስለሆነ የተናገረውን እንዳለ ተቀብያለሁ። ኑዛዜ የሚናገር ሰው አስቀድሞ አእምሮው ጤነኛ መሆኑን ማስታወቅ አለበት ይባላል። እኔ ራሴን በራሴ ከማመሰግን የባለሙያውን ቃል ማስጻፉ ይበቃኛል። ስለ አእምሮዬ የተናገረው እውነት ከሆነ ስለ ልቤ የተናገረውም እውነት መሆን ስላለበት፣ ነገሩን ማዘግየት አልወደድሁም።

ስለዚህ ዛሬ ሐሙስ ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ ጾመ ነቢያት ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እኔ ወይዘሮ ባይሽ ወልደ ጻድቅ፣ የክርስትና ስሜ ወለተ ሚካኤል፣ አዋሽ ከተማ በባቡር ጣቢያው ሠፈር በሚገኘው ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ዕድሜዬ ሰባ ሁለት ነው። የቀበሌ መታወቂያዬ ስልሳ ስምንት ይላል፤ ለአራት ዓመት ብዬ ከመንግሥት ጋር አልጣላም። ያስገደደኝ የለም። ያባበለኝም የለም፤ ቢኖር ደስ ባለኝ ነበር።

ቃሌን የሚጽፈው የቀበሌያችን ጸሐፊ ጓድ አማን ነው። «እማማ ባይሽ፣ ከሁሉ በላይ መፈክሩ ይቀድማል» አለኝ። «ከሁሉ በላይ የእግዚአብሔር ስም ይቀድማል» አልሁት። ብዙ አሰበ፤ ደግ ልጅ ነው። ከዚህ ጽሑፍ በላይ የሚታየው ባዶ መሥመር በስምምነት የተተወ ነው።

ሕጉ አራት ምስክር ይፈልጋል። ሥጋ ሻጩ ከድሩ፣ የዕድራችን ዳኛ አቶ ውባየሁ፣ ወተት የምታቀብለን ጎረቤቴ ሀምዳ፣ የተናገረውን መስማቴን ዛሬ ገና ያወቀው አብዱሰላም፣ አራቱም ተቀምጠዋል። አንዲት ልጄ መንበረ ከመተሐራ መጥታ በሩ አጠገብ ናት፤ ለመሄድ የተዘጋጀች ትመስላለች። በወዲያኛው አልጋ ላይ ጣውንቴ ሱልጣና ተኝታለች። ስድስት ዓመት ሙሉ እንደተኛች ነው። ምላሷ ግን አንድ ቀን ተኝቶ አያውቅም።

አንደኛ። ነፍሴን ለሰጠኝ ለእግዚአብሔር መልሻለሁ። እንደተቀበልኋት ንጹሕ አይደለችም፤ ሰባ ሁለት ዓመት ያገለገለ ዕቃ እንደሚሆነው ተጨማድዳለች። ሥጋዬ በሚካኤል ደጅ ይቀበር። በአዋሽ ፀሐይ ብዙ አታቆዩኝ። አቶ ውባየሁ ንግግር ማድረግ እንደሚወዱ አውቃለሁ፤ ንግግሩ አፈር ከለበስሁ በኋላ ይሁን፤ የዚያን ጊዜ በትዕግሥት እሰማለሁ።

ለዚሁ ለሚካኤል አንድ ጃንጥላ ተስያለሁ። ስለቱ «ሱልጣናን በእግሯ ካቆምህልኝ» የሚል ነበር። ሱልጣና አልቆመችም። ጃንጥላው ግን ባለ ወርቅ ዘርፉ ተገዝቶ ሣጥኔ ውስጥ ተቀምጧል። ከመላእክት አለቃ ጋር ሙግት አልገጥምም። ወስዳችሁ ስጡልኝ፤ ዕዳው የማን እንደሆነ እርሱ ያውቃል።

«እትዬ ባይሽ፣ እኔም አልተቀየምሁትም በዪልኝ» አለች ሱልጣና።

ይጻፍ። ሱልጣና ቅዱስ ሚካኤልን አልተቀየመችውም።

ሁለተኛ ከማለቴ በፊት ሱልጣና ወደዚህ ቤት እንዴት እንደገባች ልናገር፤ ያለዚያ ቀሪውን የሚሰማ ሰው አእምሮዬን ይጠራጠራል፤ አብዱሰላምም ይታማል።

በ1969 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐዲዱን ቆረጠው። ባለቤቴ ጥጋቡ በዚህ መሥመር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት የባቡር ፍሬን የያዘ ሰው ነበር። ባቡር ከቆመ እሱም ቤቱ የሚቆም መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና መንዳት ጀመረ። እኔ እዚሁ ቀረሁ። ያን ጊዜ ከምሥራቅ ቁስለኛ የጫነ መኪና እስከ ጣቢያው ይመጣና ሰዎቹ ወደ አዲስ አበባ ወደሚሄደው ባቡር ይዛወሩ ነበር። እኔ በአንድ እጄ ማሰሮ፣ በሌላው ዳዊቴን ይዤ በመካከላቸው እዞራለሁ። ቁስል ማጠብ የተማርሁት እዚያ ነው። ውሃ ካጠጣሁ በኋላ በጸሎት እንዳስባቸው የክርስትና ስማቸውን እጠይቃለሁ። አንዱን «የክርስትና ስምህ ማነው ልጄ?» ብለው፣ «ከማል ነኝ እማማ፤ አንቺ ብቻ ጸልዪልኝ» አለኝ። በዳዊቴ የመጨረሻ ገጽ ላይ ከወልደ ገብርኤልና ከኃይለ ማርያም መካከል ከማልን ጻፍሁት። ንስሐ አባቴ ቢያዩት ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር፤ መነጽራቸው ስለተሰበረ አላዩትም። እግዚአብሔር መነጽር እንደማያስፈልገው አምናለሁ።

ኋላ ሐዲዱ ተጠግኖ ባቡሩ ተመለሰ። ጥጋቡ አልተመለሰም። በወር አንድ ጊዜ ብቅ ሲል «የት ቆየህ?» እለዋለሁ፤ «ሰመራ ላይ መኪናው ተበላሽቶብኝ» ይለኛል። ያ መኪና ሚሌን ያልፋል፣ አሰብን ያያል፤ የሚበላሸው ግን ሁልጊዜ ሰመራ ላይ፣ ከመንገድ ሠራተኞቹ ካምፕ አጠገብ ነው። «መካኒክ የለም ወይ?» አልሁት። «አለ፤ ግን ረጋ ብሎ ነው የሚሠራው» አለኝ። የመካኒኩን ስም ያወቅሁት በ1972 ነው። ሱልጣና ይባላል፤ በካምፑ በር ላይ ሻይ ቤት ነበረው።

ሱልጣና እየሳቀች ነው። አማን፣ ይህንንም ጻፍ።

በዚያው ዓመት ጥጋቡ ለጦሩ ዱቄት ጭኖ፣ ሱልጣናን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ከሰመራ ወደ ሚሌ ሲወርድ መኪናው ፈንጂ ረገጠ። ፈንጂው የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ባለቤት አልተገኘለትም። ለእኔ ቴሌግራም መጣልኝ። «ጥጋቡ ሞቷል። ባለቤቱ ቆስላ ሚሌ ትገኛለች። ቤተሰብ ይድረስ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እጄን ዳሰስሁ፤ እግሬን ዳሰስሁ። ደህና ነበርሁ፤ ያለሁትም አዋሽ ነበር።

አልቅሼ ስጨርስ ነገሩ ገባኝ። በጭነት መኪና ተሳፍሬ ሄድሁ። አዳይቱ ላይ ሾፌሩ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ የምሳደበውን ስድብ በቅደም ተከተል አሰናዳሁ፤ በመጽሐፍ የማውቀውንም፣ ከጣቢያው ወዛደሮች የተማርሁትንም። ሚሌ ደርሼ አልጋዋ አጠገብ ቆምሁና «አንቺ» ብዬ ጀመርሁ። እሷ ዓይኗን ሳትገልጥ «እናቴ፣ ውሃ» አለችኝ።

ካሰናዳሁት ስድብ ውስጥ ውሃ ለጠየቀ ሰው የሚሆን አንድም አላገኘሁም። ወንጌሉን በልቤ ገለጥሁት። የተጠማን ስለ ማጠጣት በተነገረበት ቦታ «ጣውንት ካልሆነች» የሚል ፈለግሁ። የለም። አጠጣኋት። ጥጋቡን እዚያው ቀበርነው፤ ሁለት ሚስቶች አለቀሱለት፤ አንዷ በቃሬዛ ላይ ሆና። እሷ ከወገቧ በታች አልታዘዝ ብሏት ቀረ። ወገኖቿ በባቲ በኩል ነበሩ፤ ድርቁ በትኗቸዋል። ቴሌግራሙ «ባለቤቱ» ብሏታልና የባለቤቱ ቤት ወደሆነው ወደ አዋሽ ይዣት መጣሁ።

ወድጄ አደረግሁት ብዬ በሚካኤል ቀን አልዋሽም። የመጀመሪያውን ዓመት ጥርሴን ነክሼ ነው ያጠብኋት። ዳዊት ስደግም ጠላትን ስለሚመለከቱት መዝሙሮች ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር። እሷም አልጋዋ ላይ ሆና «እትዬ፣ ያችን ትናንት ዘለሽኛል» ትለኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ልማድ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት እኔን ወባ ጣለኝ። ጎረቤት የለም፤ ሀምዳ ከብት ይዛ ወንዝ ወርዳለች። ሱልጣና ከአልጋዋ ወድቃ፣ በክርኗ እየተጎተተች፣ ከእንስራው ውሃ ቀድታ እኔ ዘንድ መጣች። የዙህር አዛን ሲል ተነሣች፤ ለዐስር አዛን ደረሰች። ቦታው ስምንት ክንድ ነው፤ በኋላ ለክቼዋለሁ። ከጣሳው ግማሹ ፈስሷል። «ቀስ ብለሽ ጠጪ፣ እትዬ» አለችኝ፤ «ተመልሼ የምቀዳልሽ እንዳይመስልሽ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ በሁለታችን መካከል የሚለይ ነገር ማነስ ጀመረ። ብዙ አልናገርም፤ አማን እጁ ደክሟል።

ሁለተኛ። ቤቴ ባለ ሁለት ክፍል፣ ባለ ጓዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን ነው። መሬቱ የመንግሥት መሆኑን አዋጁ ስለሚናገር አላወርሰውም፤ ከመሬቱ በላይ ያለውን ብቻ ለልጄ ለመንበረ አውርሻለሁ። ይህንንም የማደርገው ሱልጣና በሕይወት እስካለች ድረስ መንበረ አብራት እየኖረች በእጇ የምትጦራት ከሆነ ነው። መንበረ አልፈልግም ካለች ቤቱ ለሱልጣናና ሱልጣናን ለሚያነሣት ለሚያስተኛት ሰው ይሁን። ሱልጣና ወደ ማንም፣ ወደ የትም እንዳትላክ። የዚህ ሁሉ ኑዛዜ ነገር ይህ ነው፤ ሌላው ጌጥ ነው።

እዚህ ላይ መንበረ ተናገረች፤ አማን እንደሰማው ጽፎታል።

«እማዬ፣ አባቴን የወሰደችብኝን ሴት እኔ ላገላብጥ?»

«አባትሽን የወሰደው ፈንጂ ነው» አልኋት። «እሷ የወሰደችው የመኪናውን ብልሽት ብቻ ነው።»

«ሰመራ ወዳጆቿ ዘንድ ብንልካትስ?»

«ሰመራ ማን አለኝ የኔ ልጅ?» አለች ሱልጣና። «ካምፕና ነፋስ ነው ያለው። ነፋስ ደግሞ ይገለብጣል እንጂ አያገላብጥም።»

መንበረ ነጠላዋን አስተካከለች። «ነገሩ እሱ ብቻ አይደለም። እኔ ጾሜን የምጾም፣ የምቆርብ ሰው ነኝ። ለእሷ የእስላም ሥጋ ይሠራል፤ ለእኛ የክርስቲያን። ይኼ ነገር በዚህ ቤት ተደባልቆ ቢሆን ንስሐ አባቴ ምን ይሉኛል? ተደባልቆ ከሆነ አንድ ቀን አላድርም። ይኸው በምስክር ፊት ተናገርሁ።»

ልጄ ትክክል ናት። ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፤ እስላም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም፤ ይህን በአዋሽ ፍየሉም ያውቀዋል። ምስክሮቹ ያዩትን እንዲናገሩ ጠየቅሁ።

ከድሩ ከመቀመጫው ተነሣ። «ወላሂ እኔ አለሁ! ለሱልጣና ሥጋ ይዤ በመጣሁ ቁጥር እሳት ላይ ያለው የእሷ ሰማያዊው ክዳን ነው። ነጩን ሲጥዱ አላየሁም፣ ተጥዶም አላየሁም። እማማ ባይሽማ ከሼሁ ይብሳሉ። ‹ቢስሚላህ ብለሃል ወይ?› ሳይሉኝ አንድ ቀን ሥጋ ተቀብለውኝ አያውቁም።»

«እኔም በበኩሌ» አሉ አቶ ውባየሁ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ለዕድር ጉዳይ በመጣሁባቸው ጊዜያት ሁሉ የተመለከትሁት ነጩን ክዳን ነው። እንዲያውም በፍልሰታ ሽሮ ቀምሻለሁ። ሰማያዊ የሚባል ዓይቼም አላውቅ።»

ሱልጣናን ሳል ያዛት። ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳለች። አብዱሰላም ተነሥቶ ጀርባዋን መታ መታ አደረገላትና «ምንም አይደለም፤ ሣቅ ይመስላል» አለ።

«ምን ያስቃል?» አለች መንበረ።

«የፍልሰታው ሽሮ ትዝ ብሎኝ ነው» አለች ሱልጣና። «ጨው በዝቶበት ነበር።»

አማን ብዕሩን አንሥቶ «እንግዲህ ሁለት ድስት ብዬ ልመዝግብ?» አለኝ።

«ክዳኖቹን መዝግብ» አልሁት። «ምስክሮቹ ያዩት ክዳን ነው፤ ሰው ካየው በላይ አይጻፍበትም። የሱልጣና ክዳን ሰማያዊ ነው። የእኔ ነጭ ነው። ይህ እውነት ነው።»

«የጓዳውን ዕቃ አስቀድሜ ቆጥሬ ባያይዘው ይሻላል።»

«ጓዳ ከፊርማ በፊት አይቆጠርም።»

«የቱ ሕግ ነው እማማ?»

«የባለ ጓዳዋ። ወንድ በጓዳዬ ሲንጎዳጎድ ልቤ ይደክማል። ልቤ አልቋል ተብዬ የለም ወይ? አብዱሰላም፣ ምን ትላለህ?»

አብዱሰላም ማድከም እንደሚችል በሙያው አረጋገጠ። የዕቃው ቆጠራ ከፊርማ በኋላ እንዲሆን በዚህ ተወስኗል።

መንበረ እስክታስብ ድረስ ሌላውን ላስጽፍ።

ሦስተኛ ይሁን አራተኛ እንጃ። የጥጋቡ የባቡር ፋኖስ ለሱልጣና ይሰጥ፤ ባለ ቀይ መስተዋቱ። መኪናው በማይበላሽበት ዘመን የነበረውን ጥጋቡን አታውቀውምና ትወቅበት። የጥጋቡ ካፖርት ለሀምዳ ባል ይሰጥ። ካፖርቱን እኔም ሱልጣናም ፈልገነው ነበር፤ ተጣልተንበትም እናውቃለን፤ ስለዚህ ለሁለታችንም አይገባም። ደግሞ በአፋር ምድር ካፖርት የሚለብስ ሰው ከተገኘ ትዕግሥቱ ራሱ ይሸለማል።

ፍየሏ መጀመሪያም ከሀምዳ የተሰጠችኝ ስለሆነች ወደ ሀምዳ ትመለስ። ሀምዳ ግን «የሰጠሁትን ፍየል አልቀበልም፤ በእኛ ነውር ነው» ትላለች። እንግዲያው ለሱልጣና ወተት ትሁን፤ ነውሩም ይቅር።

ሠላሳ አንድ መጻሕፍት አሉኝ። ሁሉም መንገደኞች ባቡር ላይ ረስተዋቸው የሄዱ፣ እኔ በጣቢያው ሆቴል አልጋ ልብስ ሳጥብ በነበርሁበት ዘመን የሰበሰብኋቸው ናቸው። ባለቤት ይመጣል ብዬ አርባ ዓመት ጠበቅሁ፤ ስጠብቅም አነበብኋቸው። አሥሩ በፈረንሳይኛ ስለሆኑ ሥዕላቸውን ብቻ አንብቤአለሁ። ለትምህርት ቤቱ ይሰጡ። የአንዱ መጨረሻ ስድስት ገጽ ጎድሎታል፤ ልጅቱ ታግባ አታግባ ሳላውቅ ልሞት ነው። የሚያውቅ ካለ በተዝካሬ ቀን ይናገር።

ዳዊቴ ለመንበረ ነው። ጮክ ብላ ታንብበው። የዘለለችው ካለ ሱልጣና ታርማታለች። በመጨረሻው ገጽ ላይ ያሉትን ስሞች አንድ ሳትቀንስ ታስባቸው፤ ከማልንም። መትረፍ አለመትረፉን አላወቅሁም፤ ስለማላውቅ በሕያዋንም በሙታንም በኩል አስበዋለሁ። አንዱ ይደርሰዋል።

ከድሩን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ «ቢስሚላህ ብለሃል ወይ?» እያልሁ አስቀይሜዋለሁ። ከድሩ፣ ተጠራጥሬህ አልነበረም። እሷ ራሷ ቆማ ማየት ስለማትችል እኔ ዓይኗ መሆን ስለነበረብኝ ነው። ከድሩ «አውፍ ብያለሁ» ብሎ ዓይኑን ጠርጓል፤ የሽንኩርት ነው ይላል። በዚህ ቤት ዛሬ ሽንኩርት አልተከተፈም።

አሁን ምክር። መንበረ፣ ሱልጣና በቀን አምስት ጊዜ ትሰግዳለች። ሶላቷ በደረሰ ቁጥር እጇንና ፊቷን አስታጥቤ ወደ ቂብላዋ አዞራታለሁ፤ ስትጨርስ በሌላው ጎኗ አስተኛታለሁ። ስለዚህ ጎኗ በቀን አምስት ጊዜ ይለወጣል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ጀርባዋ ላይ አንድ ቁስል አልወጣባትም። አብዱሰላም «ይህን የሕክምና ጥበብ ከየት አገኘሽው?» ብሎ ጠይቆኛል። «ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ» አልሁት። አንድ ሶላት ያመለጣት ቀን አንድ ቁስል እንደሚጠብቃት ዕወቂ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ክርስቲያን ሆኜም እሞታለሁ፤ ግን አዛን በሰማሁ ቁጥር ቀድሜ የምነሣው እኔ ነኝ። የሚካኤል ደወል ሲሰማ ደግሞ «እትዬ፣ ተነሺ፣ ቅዳሴ ሊያመልጥሽ ነው» የምትለኝ እሷ ናት። እንዲህ እየተቀሰቀስን ሁለታችንም ሃይማኖታችንን ጠብቀን ኖረናል።

በረመዳን ለሱሁር ቀስቅሻት። በዐቢይ ጾም አንቺ ስትጾሚ አትሳቂብኝ ብለሽ አትለምኛት፤ አትሰማሽም። ሻይ ስኳር የሌለው ከሆነ ትቆጣለች፤ የቀበሌው ስኳር ባለቀበት ወር ስኳር አለው ብለሽ ስጫት፤ ካማሰልሽው ታምናለች።

«አላምንም፤ ዝም እላለሁ እንጂ» አለች ሱልጣና።

ይህንን አላውቅም ነበር። ሰው በኑዛዜው ቀንም ይማራል።

ተዝካሬ በአቅም ይሁን። ለክርስቲያኖች አቶ ውባየሁ፣ ለእስላሞች ከድሩ ያርዱ፤ ዳሱም እንደ አገሩ ልማድ ሁለት ይሁን። በሁለቱ ዳስ መካከል የሱልጣና አልጋ ይቀመጥ፤ ሐሜቱ ከሁለቱም ወገን ሳያልፋት ትስማ፤ ለእኔም ትነግረኛለች።

ጥጋቡን ይቅር ብዬዋለሁ። ስድስት ዓመት የሚያወራኝ ሰው አምጥቶልኛል፤ እሱ በሃያ ስድስት ዓመት ያላወራኝን ያህል።

ይህን ስል መንበረ ከበሩ አጠገብ ተነሣች። የምትወጣ መስሎኝ ልቤ እውነትም እንደ ተባለው ሊሆን ነበር። እሷ ግን ወደ ሱልጣና አልጋ ሄዳ ቆመች። ከዚያም «የትኛው ጎንሽ ነው አሁን?» አለቻት።

«ግራዬ። አዛን ሊል ሲል ወደ ቀኝ።»

«ክርንሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የእናትሽ ወባ ነው» አለች ሱልጣና። «ጠባሳው እኔ ጋ ቀረ።»

መንበረ ክርኗን ያዘች፤ አየችው። «እሺ» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለእሷ አላወቅሁም። «ድስቱ እስካሁን እንደነበረው ከሆነ፣ እኔም እናቴ እንዳደረገችው አደርጋለሁ። ከዚያ አልጎድልም፣ ከዚያም አላልፍም። ግን አትሳደቢብኝ።»

«ረመዳን ላይ እተዋለሁ» አለች ሱልጣና።

«እስካሁን እንደነበረው» የሚለው የመንበረ ቃል ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት እንዲጻፍ አዝዣለሁ። አማን አሥምሮበታል።

ከዚህ በኋላ የምጨምረው የለም። ይህን ቃል የሚሽር ልጅ፣ ዘመድ ወይም ኮሚቴ ቢነሣ የሚጠይቀው የቀበሌው ችሎት ብቻ እንዳይመስለው፤ እኔም ስደርስ አመለክታለሁ።

ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተናዛዥዋና በአራቱ ምስክሮች ፊት ጮክ ተብሎ ተነብቧል። ተናዛዥዋ ሁለት ቦታ አርመዋል፤ ሁለቱም የጸሐፊው የፊደል ስሕተት ነው። ሁሉም ቃሉ የእርሳቸው መሆኑን አምነው ፈርመዋል።

ተናዛዥ፦ ባይሽ ወልደ ጻድቅ፣ በእጃቸው ፈርመዋል።
ወራሽ፦ መንበረ ጥጋቡ፣ ግዴታውን ተቀብላ ፈርማለች።
ምስክሮች፦ ከድሩ፣ ፈርሟል። ውባየሁ፣ ከነማዕረጋቸው ፈርመዋል። አብዱሰላም፣ ፈርሟል፤ ፊርማው አይነበብም። ሀምዳ፣ የጣት አሻራ።
ጸሐፊ፦ አማን፣ የቀበሌው ማኅተም ያለበት።

ከፊርማ በኋላ በዚያው ዕለት በጸሐፊው የተቆጠረ የቤትና የጓዳ ዕቃ፦

አልጋ ሁለት። ሣጥን አንድ፣ በውስጡ ጃንጥላ። ፋኖስ አንድ፣ መስተዋቱ ቀይ። ካፖርት አንድ። መጻሕፍት ሠላሳ አንድ። ዳዊት አንድ። እንስራ አንድ። ጣሳ ሁለት። ፍየል አንዲት፣ ሲቆጥሯት ሸሽታ በሀምዳ ቃል የተመዘገበች። ድስት አንድ። ክዳን ሁለት፣ ነጭና ሰማያዊ።